ለጀርባው ያመጣሁት ኮባ

ልጆቹ ንገሪን ካሉኝ ሰነበቱ። ሰሚት ሰፈር ልጄ ቤት ከገባሁ ወዲህ አንድ ጠባዬ አልገባቸውም። መታጠቢያ ቤቱ ግድግዳ ላይ ውሃ የሚያሞቅ ነጭ ነገር ተሰቅሏል፤ ቦይለር ይሉታል። እሱ በበራ ቁጥር ነጠላዬን ደርቤ እወጣና ደረጃው ላይ እቀመጣለሁ። የሚወጣ የሚወርደው ጎረቤት «እማማ፣ ምነው፣ ከቤት አስወጡዎት እንዴ?» ይለኛል። ልጄ ታፍራለች። ትልቁ የልጅ ልጄ ደግሞ «እማማ፣ ይሄ እኮ አውቶማቲክ ነው፤ ሲሞቅ ራሱን ያጠፋል፤ ሪላክስ!» ይለኛል። ይሁን እላለሁ፤ ግን አልገባም።

ነገሩን ያጠበቀችው ታናሺቱ ናት። «የአባባን ጀርባ ያቃጠለው እንደዚህ ያለው ነው?» አለችኝ። አያቷን የምታውቀው በፎቶግራፍ ነው፤ በፎቶግራፍ ደግሞ ጀርባ አይታይም፤ ከማን ሰማች? ከዚያ ወዲያ ሁሉም ተባበሩብኝ። «ስታወሪውማ ሌላ ሌላውን እየነካካሽ ዋናውን ታልፊዋለሽ፤ ጻፊልን» አሉ። እውነታቸውን ነው። እኔ የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም፤ ፊደል የቆጠርኩት በደርግ ጊዜ በቀበሌ አዳራሽ፣ በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ያውም ጡት የሚጠባ ልጅ ታቅፌ። ጽሑፌም እንደ እግሬ ወዲያ ወዲህ ቢል ታገሡኝ።

ባለቤቴ የብርድ ልብስ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበር። ፋብሪካው ከላምበረት ወዲህ ነው። ላምበረት ያኔ የአውቶቡስ መናኸሪያ አልነበረም፤ ባሕር ዛፍ፣ የገብስ ማሳ፣ ክረምት ሲገባ ደግሞ ጫማ የሚያስቀር ጭቃ ነበር። እኛ ከፋብሪካው አጥር ጀርባ የቀበሌ ቤት ተከራይተን እንኖር ነበር፤ ሁለት ክፍል፣ ሦስት ልጆች። የማሽኑን ድምፅ ከመልመዳችን የተነሳ ድምፁ ሲቋረጥ ነበር ልጆቹ የሚነቁት።

የሱ ሥራ ቦይለር መጠበቅ ነው። የፋብሪካ ቦይለር ቤት የሚያህል የብረት ጋን ነው፤ ከሥሩ በናፍጣ እሳት ይነዳል፣ ሆዱ ውስጥ ውሃ ይፈላል፣ እንፋሎቱ በቧንቧ እየሄደ ሱፉን ያጥባል፣ ቀለሙን ያፈላል። ጎኑ ላይ የውሃው ልክ የሚታይበት ቀጭን የመስታወት ቱቦ አለው። ሰውዬዬ ቀኑን ሙሉ የሚያየው ያንን መስታወት ነው። ቤት ገብቶም አይተወውም። ሻይ ስቀዳለት ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ ከፍ ያደርግና «ልኩ ደህና ነው፣ እሳቱን ቀንሺ» ይለኛል። ልጆቹ ይስቃሉ። ቀልዱ ያ አንድ ነበር፤ ዓመት ሙሉ ይበቃን ነበር።

ዓርብ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ውይይት ክበብ የሚባል ስብሰባ አለ። የፋብሪካው ሰው ሁሉ አዳራሽ ይገባል፤ ስም ይጠራል፤ የቀረ ሰው ለምን ቀረህ ተብሎ ይጠየቃል፤ ያን ጊዜ ደግሞ ለምን ቀረህ መባል ቀላል ነገር አልነበረም። ቦይለር ቤቱ ውስጥ ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ ባለቤቴ፣ አንድ ሽማግሌ መካኒክ፣ አንድ ደግሞ ገና ሚስት ያገባ ወጣት። አንድ ሰው እንኳ እሳቱ ጋ ይቅር ብለው ሲጠይቁ የስብሰባው ሊቀመንበር «ማሽን አይሸሽም፣ የሚሸሸው ሰው ነው» ብሎ መለሰላቸው አሉ። ሦስቱም ገቡ። ሌላ ጊዜ ቶሎ ያልቅ ነበር። ያን ቀን ግን ምርት ስለ ማሳደግ ነበርና ረዘመ።

ሲመለሱ መስታወቱ ባዶ ነበር። ውሃው ተንኖ አልቆ ብረቱ ብቻውን ይነድዳል። እንዲህ ሲሆን እሳቱን አጥፍቶ፣ ወጥቶ፣ እስኪበርድ መራቅ ነው፤ ይህን ሦስቱም ያውቃሉ። ግን ማሽኖቹ እንፋሎት እየጠበቁ ነው፣ ስብሰባው ያለቀው ምርት እንጨምር ተብሎ በጭብጨባ ነው፤ ከሦስቱ አንዱ የቀዝቃዛውን ውሃ ቧንቧ ከፈተው። የጋለ ብረት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ሲገባ ምን እንደሚሆን እናንተም ታውቁታላችሁ። ማን እንደከፈተው ባለቤቴ ለሰው ተናግሮ አያውቅም፤ ለእኔም። ሁለቱ ሞተዋል፤ የሞተ ሰው መልስ አይሰጥም ብሎ ነው መሰለኝ።

እኔ ደጅ ቁጭ ብዬ ምስር እለቅም ነበር። መሬቱ ሰፌዱን ከጭኔ ላይ አነሳው። የፋብሪካው ጣሪያ ቆርቆሮ እንደ ወረቀት ተነስቶ ገብስ ማሳው ውስጥ ሲወድቅ አየሁ። ሰው ሁሉ ቦምብ ነው አለ። እኔ ግን የማሽኑ ድምፅ ስለቆመ ዐወቅሁ።

የፋብሪካው በር ላይ ስደርስ ባለቤቴን አወጡት። በእግሩ ነው የሚራመደው። ሁለት እጆቹን ከጎኑ አርቆ፣ ገላው ገላውን እንዳይነካው ብሎ፣ ቀስ እያለ ይራመዳል። ፊቱ ደህና ነው፤ ሲፈነዳ ዞሮ ስለነበር ጀርባውን፣ አንገቱንና ክንዶቹን ነው እንፋሎቱ ያገኘው። ሸሚዙ ተቀዶ የተንጠለጠለ መሰለኝ። ሸሚዝ አልነበረም።

«ምስሩን ማን እያየው ነው?» አለኝ። እንዲህ ነበር ያለኝ።

ሽማግሌው መካኒክ እዚያው ቀርተዋል። ወጣቱ መሬት ላይ ተኝቶ ውሃ ውሃ ይላል። የፋብሪካው የጭነት መኪና ቆሟል፣ ሾፌሩም አለ፤ ግን መኪና ከግቢ ለመውጣት የተፈረመበት ወረቀት ያስፈልጋል፤ ፈራሚው ጠፋ። ዘበኛው «እኔ ብከፍት ነገ ማን ይጠየቃል?» ይላል፣ ሾፌሩ «እነዚህ ሰዎች ሲሞቱስ ማን ይጠየቃል?» ይለዋል። እነሱ ሲከራከሩ እኔ ቤት ሮጥኩ።

ቅቤ የቀባሁት እኔ ነኝ። ይህን ተናግሬ ይውጣልኝ። ለበዓል ያስቀመጥኩት ለጋ ቅቤ ነበረኝ፤ እናቴ ለቃጠሎ ቅቤ ስትቀባ አይቻለሁ፤ እናቴ ግን ያየችው በእንፋሎት ጣቱን የተቃጠለ ሰው ነው። በሁለት እጄ እየዛቅሁ ጀርባውን በሙሉ ቀባሁት። ከንፈሩን ነክሶ ቻለ። ከጎኔ ደግሞ አንድ የማሽን ሠራተኛ ለወጣቱ ግራሶ የሚሉትን የማሽን ቅባት ይቀባል። ሁለታችንም ያለንን አመጣን። ወረቀቱ ሲፈረም ሁለቱንም ጭነን ወደ ሆስፒታል ሄድን።

ሆስፒታሉ ከተማው ወዲያ ማዶ ነው። የተቀበለችን ረጅም፣ ጠይም ሲስተር ናት፤ ሳቅ የማታውቅ የምትመስል። ጀርባውን አየችና በጣቷ ነክታ አሸተተችው።

«ይህን ማን ቀባው?»

«እኔ ነኝ፣ ሲስተር።»

«ቅቤ ነው?»

«ለጋ ቅቤ ነው፣ የሸኖ።»

«የሸኖ!» አለች። «የሸኖው ሲፋቅ ሰውዬው የማይጮህ መስሎሻል? ውጪልኝ።»

በሩን ዘጋችው። ቅቤው ሙቀቱን አፍኖ ይዞታል፣ ተፍቆ ካልወጣ ይመግላል አሉ። ሲፍቁለት ከበሩ ውጭ ቆሜ ሰማሁ። ያን ድምፅ አልጽፈውም። ያንን ሁሉ ጊዜ እጄን እያየሁት ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው ኑሮ በሆዱ ተኝቶ መዋል ነው። በየጠዋቱ ፋሻ ይቀየራል። ፋሻው ቁስሉ ላይ ይደርቅና ይጣበቃል፤ በጨው ውሃ አርሰው ይጎትቱታል፤ ሲለቅ የበቀለውን አዲስ ቆዳ ይዞት ይመጣል። ማደንዘዣው መርፌ አንድ ቀን አለ ሁለት ቀን የለም፤ መድኃኒት ወደ ጦር ግንባር የሚሄድበት ጊዜ ነው። ቤተሰብ በዚያን ሰዓት አይገባም። እኔ ኮሪደሩ ላይ እቆማለሁ፤ ልጆቹን ጎረቤት ትቻቸው፣ ገና ሳይነጋጋ ተነስቼ በሁለት አውቶቡስ መጥቼ፣ ለመስማት እቆማለሁ።

አንድ ቀን ሁለት ሰዎች ደብተር ይዘው አልጋው ድረስ መጡ። አሻጥር አለበት የለበትም ሊሉ ነው። በሆዱ እንደተኛ፣ አንገቱን እንኳ ሳያቀና፣ «ጓዶች፣ አሻጥረኛ ብሆን አጠገቡ እቆም ነበር?» አላቸው። አንደኛው ሳቁን ሊውጥ ሲታገል አየሁት። ተመልሰው አልመጡም። ልቤ ግን ለሳምንት ያህል አልተመለሰልኝም።

ከጎኑ አልጋ የነበረው ወጣት በስድስተኛው ቀን ወጣ። ቤተሰቦቹ ጩኸቱን መስማት አልቻሉም። «ቤቱ ይረፍ፣ ጸበል ይግባ» ብለው በታክሲ ወሰዱት። ጸበሉን ክፉ አልናገርም፤ እኔም እጠመቃለሁ፤ የቁስል ማጠቢያና የፋሻ ሥራ ግን የሰው ድርሻ ነው። በወጣ በአራተኛው ቀን መርዶው መጣ። ሲስተር ያን ቀን ኮሪደሩ ላይ አልፋኝ ሄደችና ተመለሰች። «ስሚ፣ ያንቺም ከዚህ ከወጣ እንደዚያው ነው። እዚህ ከቆየ፣ በየቀኑ ካስጠረገ፣ አርባ ቀንም ሃምሳ ቀንም ቢሆን፣ ይድናል። ሌላ ነገር የለውም» አለችኝ።

እኔም ያን ቃል ያዝኩ። አርባ ቀን፣ ሃምሳ ቀን። እሱ ግን በማግሥቱ ከፋሻው ክፍል ሲወጣ ፊቱ የሌላ ሰው ፊት ነበር።

«ውሰጂኝ» አለኝ።

«የት?»

«ቤቴ። ነገ ድጋሚ አልገባም። እጄን አስረው ካላስገቡኝ አልገባም።»

«ልጁ እኮ ሞተ፤ ሰምተሃል።»

«ሰምቻለሁ። ዐርፏል።»

ምን ልበለው? የሚነደው የሱ ጀርባ ነው፤ እኔ ደግሞ ቅቤ የቀባሁት ሴት ነኝ።

በዚያው ሰሞን ታላቅ ወንድሙ ከአገር ቤት መጣ። ጋሼ ነበር የምለው፤ ደግ ሰው ነው፣ እንባው ቅርብ ነው። አንድ ጠዋት ከእኔ ጋር ኮሪደሩ ላይ ቆመና ሰማ። ጋቢውን አፉ ውስጥ ጎሰረ። ከዚያ ዞር ብሎ «እናንተ እዚህ የምታደርጉት ሕክምና ነው ምርመራ?» አለኝ፤ ምርመራ ያለው የእስር ቤቱን ነው። አፉን ያዝኩት።

«ጋሼ ቀስ ይበሉ፣ ሰው ይሰማል።»

«ይስማ! ወንድሜ እንደ ሰው አገሩ ይሙት። ቅዳሜ መኪና ይዤ እመጣለሁ። የሚያውቀኝ ሰው አለ፣ ለምኜዋለሁ።»

«ይድናል ብለዋል እኮ።»

«ማን አለ? እሱ አለ? እሱ ውሰዱኝ ነው ያለው። አንቺስ ምን ትያለሽ?»

ማክሰኞ ነበር። ቅዳሜ ሊመጣ ነው። አባወራው እሺ ካለ፣ ወንድሙ ከወሰደው፣ እኔ ማን ነኝ? ሚስት ነኝ፤ ሚስት ደግሞ ያን ጊዜ ታለቅሳለች እንጂ አትከለክልም።

አሁን እንግዲህ ወደ ኮባው እመጣለሁ። ታናሺቱ «ኮባ ምንድን ነው?» ብላ እንዳትጠይቀኝ፤ የእንሰት ቅጠል ነው፤ ድፎ ዳቦ ሲጋገር ሊጡ ከሥርም ከላይም የሚሸፈንበት ያ ሰፊ ቅጠል።

ረቡዕ ከሰዓት አንዲት ጎረቤታችን ሊጠይቁት መጡ። ድፎ ዳቦ ጋግረው፣ ከነኮባው በጨርቅ ጠቅልለው አመጡ። አልጋው አጠገብ ቁጭ ብለው ቅጠሉን መላጥ ጀመሩ። ቅጠሉ ከዳቦው ላይ እየተገፈፈ ይመጣል፤ ፍርፋሪ እንኳ አያነሳም፤ የዳቦው ፊት ለስልሶ፣ የቅጠሉ መስመር ታትሞበት ይቀራል። ባለቤቴ ጉንጩን ትራሱ ላይ አድርጎ ያያል። ብዙ ቀን ጨዋታ ያልወጣው ሰው ነው።

«ወይ ዳቦ መሆን» አለ። «እኔንም እንደዚህ ቢልጡኝ ምን ነበረበት።»

ጎረቤታችን የሚቀልድ መስሏቸው ሳቁ። እኔ የተላጠውን ቅጠል አንስቼ መዳፌ ላይ ዘረጋሁት። ደጋግሜ ዳሰስኩት። በማኅፀኔ ልጅ የተገላበጠ ያህል ነው የተሰማኝ። ወዲያው ደግሞ ቅቤው ትዝ አለኝ። አንቺ ሴት፣ አንድ ጊዜ በእናትሽ ብልሃት ፈጅተሽዋል፤ አሁን ደግሞ በዳቦ ብልሃት? እያልኩ ራሴን ተጣላሁት። ከሆስፒታሉ እስክወጣ ተጣላሁ። ደጅ ስደርስ ግን እግሬ ወደ ቤት አልሄደም።

ቦሌ ቡልቡላ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው ወዲያ፣ ያኔ ጤፍና ሽንብራ የሚዘራበት ገጠር ነው። እዚያ ከጓሯቸው እንሰት የተከሉ አንዲት የስልጤ አሮጊት ነበሩ፤ ለበዓል ኮባ የምንገዛው ከእሳቸው ነው። አውቶቡሱ ካደረሰኝ ቦታ ቀሪውን በእግሬ ሄድኩ። ከቤታቸው ስደርስ ይሰግዱ ነበርና ደጅ ቆሜ ጠበቅኋቸው።

«በዓል የለ፣ ምን ልትደፊበት ነው?» አሉኝ ሲወጡ።

ነገርኳቸው። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ቅቤውንም።

«ቅቤውን ተይው፣ አልፏል» አሉ። «ስሚ ልጄ፣ በእኛ አገር ሥጋ የሚከተፈው በዚህ ቅጠል ላይ ነው፤ ቂጣው የሚጋገረው በዚህ ነው። ከትኩስ ሥጋ ያልተጣበቀ ቅጠል ከባልሽ ጀርባ ይጣበቃል? ግን የውጪውን አትውሰጂ፣ ነፋስ የቀደደው አቧራ አለበት። ከመሀል ያልተፈታውን ነው የምቆርጥልሽ።»

ቢላቸውን ይዘው ገቡ። ከመሀል ያለውን፣ ገና ተጠቅልሎ ያለውን፣ ቀለሙ እንደ ቅቤ የሆነውን ቆረጡ። ዋጋውን ስጠይቃቸው ተቆጡኝ። «ሲድን ራሱ ይምጣና ያመስግነኝ» አሉ።

ቤት ወስጄ መካከለኛውን አጥንቱን አወጣሁ፣ በሳሙና አጠብኩ፣ ባቄላ የሚበስልበትን ያህል ጊዜ ጨው ባለው ውሃ ቀቀልኩት፣ ክዳኑን ሳልከፍት ከነድስቱ በነጠላ አስሬ ሐሙስ ጠዋት ይዤ ሄድኩ። አውቶቡስ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ምግብ መስሎት ያየኛል።

ሲስተርን ከበሩ ላይ ያዝኳት።

«ሲስተር፣ አንድ ነገር ልለምንዎ።»

«ቅቤ ከሆነ እንዳታወጪው።»

«ቅቤ አይደለም። ኮባ ነው።»

«ኮባ? ዛሬ ደግሞ ዳቦ ልንደፋ ነው?»

ድስቱን ከፈትኩላት። የትናንቱን ዳቦ ቁራጭ ከነቅጠሉ ይዤ ነበር፤ እንዴት እንደሚላጥ ላጥ አድርጌ አሳየኋት። ከዚያ ቀና ብዬ፣ እንዲህ አልኳት፤ «ቅዳሜ ወንድሙ ሊወስደው ነው። እሱም እሺ ብሏል። ከፋሻው ሥር ይህን ቢያደርጉለት፣ አንድ ቀን ብቻ ሳይጮህ ቢውል፣ ልመናዬን ይሰማኝ ነበር።»

ቅጠሉን በመቆንጠጫ አንስታ ወደ ብርሃኑ አየችው። «ምን ያህል ጊዜ ቀቀልሽው?»

«ባቄላ የሚበስልበትን ያህል።»

«የትኛው ባቄላ?» አለች፤ ግን ድስቱን ከእጄ ወሰደችው። «እኛ ደግሞ እንቀቅለዋለን። ወጥተሽ ጠብቂ።»

በዚያ ጠዋት ጩኸቱን ጠበቅሁ። ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ግድግዳውን ይዤ ጠበቅሁ። የብረት ሳህን ድምፅ ይመጣል፣ የሲስተር ጫማ ይመጣል፣ የሱ ድምፅ አይመጣም። ሞተ ብዬ በሩን ልገፋ ስል ተከፈተ። በአልጋው እየገፉ አወጡት። ዐይኑ ርሷል፤ ግን የራሱ ዐይን ነው።

«ምን ነበር ያደረጉልኝ?» አለኝ።

«ኮባ ነው። ዳቦ ልሁን ብለህ አልነበር?»

«አሳረፈኝ» አለ። ከዚያ እንቅልፍ ወሰደው። ከተቃጠለ ጀምሮ በቀን ሲተኛ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ዓርብም እንደዚያው ሆነ። ዓርብ ማታ ቤቴ ስገባ ልጆቹን ጠርቼ አባታችሁ ሊድን ነው አልኳቸው። ከአፌ ሲወጣ እኔው ፈራሁት።

ቅዳሜ ጠዋት ጋሼ መኪናውን ይዞ መጣ። ሽፋኑ ሸራ የሆነ ፒክአፕ ነው፤ ውስጡ ፍራሽ አንጥፏል፣ ሁለት ዘመድ ይዟል። እኔና እሱ ኮሪደሩ ላይ ቆምን። ፋሻ የሚቀየርበት ሰዓት ነው። ጋሼ ጋቢውን ከአሁኑ አፉ አጠገብ አስጠጋ። ጠበቅን። ምንም የለም። አንድም ድምፅ የለም። ጋሼ ወደ እኔ ዞረና በሹክሹክታ፣ «ገና አልጀመሩም?» አለኝ።

«ጀምረዋል።»

አወጡት። ግንባሩ በላብ ተጠምቋል፣ ትራሱ ርሷል፤ ሙቀት ነው ብዬ በነጠላዬ ጠረግሁለት። ጋሼ አጎንብሶ «ወንድሜ፣ መኪናው ደጅ ነው» አለው።

ባለቤቴ አንገቱን አዞረ። እኔን አየኝ። እግሬን አየ፤ ከቡልቡላ የመጣው ጭቃ ጫማዬ ላይ ደርቋል።

«አልሄድም ጋሼ» አለ።

«አንተ አይደለህ ውሰዱኝ ያልከኝ?»

«ብዬ ነበር። ኮባው አሳረፈኝ። እሷ ኮባ ታመጣለች፣ እኔ እተኛለሁ። አንተ ሰብልህን ሰብስብ፤ ዝናብ ሳይመታብህ።»

ጋሼ አለቀሰ፤ እኔም አለቀስኩ። ፍራሹን ጠቅልለው ሄዱ።

ከዚያ በኋላ በየሁለት ቀኑ ቡልቡላ ተመላለስኩ። ኮባ ቆርጬ፣ ቀቅዬ፣ በድስት አስሬ ለሲስተር አስረክባለሁ፤ እሷም ከበሩ ላይ ተቀብላኝ ምንም ሳትናገር ትገባለች። እሱ አልጮኸም። አንድ ቀን እንኳ አልጮኸም። አሮጊቷ የመሀል ቅጠል እስኪያልቅባቸው ቆረጡልኝ፤ ሲያልቅ ከእህታቸው ጓሮ አመጡ። የቀበሌያችን ሴቶች ኮባ ሲያዩ እኔን ይጠሩ ጀመር። ክፍሉ ውስጥ ያሉ አስታማሚዎች «የኮባዋ» ይሉኝ ነበር፤ ደስ ይለኝ ነበር። ከቅቤዋ የኮባዋ ይሻላል።

ሃምሳ ቀን ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው ወጣ። ቀኝ ክንዱ ከትከሻው በላይ አይነሳም፤ ጀርባው ተጨማዶ፣ እዚህ ነጭ፣ እዚያ ጥቁር ሆኗል፤ ብርድ ሲሆን ይሳባል። ቦይለር ቤት አልተመለሰም፤ በዘበኝነት በሩ ላይ አስቀመጡት፤ የመኪና ማውጫ ወረቀት ሲጠይቅ የነበረው ያ ዘበኛ ተነስቶ ነበር። ቡልቡላ ሄዶ አሮጊቷን አመሰገነ፤ ሻይ ቅጠልና ስኳር ይዞ፤ እሳቸውም ሸሚዙን አስወልቀው አዩት። «ሥራዬን ልየው» አሉ። ቤት ውስጥ ጀርባውን የማጥበው እኔ ነበርኩ። በየጊዜው «ኮባሽ ነው ያተረፈኝ» ይለኝ ነበር፤ ሰው ፊትም፣ ሁለታችን ብቻ ስንሆንም። መንግሥት ተቀየረ፣ ፋብሪካው ተሸጠ፣ ልጆቻችን አገቡ። በመጨረሻ የሞተው በሌላ በሽታ ነው፣ በአልጋው ላይ፣ በሰላም።

እሱ ከሞተ ብዙ ዓመት በኋላ ለደም ግፊቴ ጤና ጣቢያ ወረፋ ይዤ ተቀምጬ ሳለሁ አንዲት ከዘራ የያዘች አሮጊት ከፊቴ ቆማ ታየኛለች። ቁመቷን ነው ያወቅሁት።

«የኮባዋ ሴትዮ አይደለሽም?» አለችኝ።

ተነስቼ አቀፍኳት። አጠገቤ ተቀመጠች። ጡረታ ከወጣች ቆይቷል። እንደዚያ የማትስቅ የነበረች ሴት ስታወራኝ ትስቃለች። ስለ ባለቤቴ ጠየቀችኝ፤ ማረፉን ነገርኳት፤ ነፍስ ይማር አለች። እኔ ደግሞ ያን ጊዜ ሳትከለክሉኝ ቅጠሌን ስለተቀበላችሁኝ እግዜር ይስጥልኝ፣ በኮባው ነው ያተረፋችሁልኝ አልኳት።

«እሱ አልነገረሽም?» አለችኝ።

«ምኑን?»

ከዘራዋን ጉልበቷ ላይ አጋደመችና ነገረችኝ። ኮባው ጀርባው ላይ ያረፈው ሁለት ቀን ብቻ ነው፤ ሐሙስና ዓርብ። ቅዳሜ ጠዋት ዋናው ሐኪም ለጉብኝት መጥቶ አየውና «ይህ ጫካ ነው ወይስ ሆስፒታል?» ብሎ ተቆጣ፤ አስጣለው፤ ከዚያች ጠዋት ጀምሮ እስኪወጣ ድረስ የታሰረው በዚያው ቁስሉ ላይ በሚጣበቀው ፋሻ ነበር። ልትነግረኝ ስትወጣ እሱ እጇን ይዞ «በእግሯ ነው የምትሄደው፣ እንዳትነግሪያት» አላት፤ ፎጣ አጥፋ እንድትሰጠው ጠየቃት፤ ያን ፎጣ በየጠዋቱ ነክሶ ነበር ከውስጥ የሚቆየው። ያመጣሁትን ኮባ እሷ ቤቷ እየወሰደች ለልጆቿ ዳቦ ደፍታበታለች።